የለየለት

ሊድስ ነው፤ ከምድር በታች፥ መስኮቱ ጫማ የሚያሳይ፥
እኔ ነኝ፥ ኤኒድ ክራብትሪ፥ የመዝገበ ቃላቱ ካርድ ለያይ።
ሥራዬ ቃልን ከቃል፥ ፍቺን ከፍቺ መነጠል፥
ሲመሽ መብራት ማጥፋት፥ ሲነጋ ካቆምኩበት መቀጠል።

ዛሬ የደረሰችኝ «ስታርክ» ናት፤ አጭር ቅጽል፥ ጉልበተኛ፥
ቀጠሮ ሳትይዝ ገብታ ወንበር የምትገፋ ነገረኛ።
ስጠራት ምላሴ ጥርሴን ገፍቶ
ጉሮሮዬ ላይ ትቆማለች፤ በር እንደሚዘጋ ሰው ተቆጥቶ።

ጥንት፥ ብርቱ ማለት ሳለች፥
ለንጉሥም ለነፋስም ለከረረ ቢራም ትነገር ነበረች።
ብርታት ሲያረጅ ግትርነት ነውና፥ እንደ ሽማግሌ ጉልበት፥
እሷም ደረቀች፤ «ድርቅ ያለ» የሚል ፍቺ ወጣላት።
ኋላ ለሌሎች ቅጽሎች አጋፋሪ ሆና ከፊታቸው ቀደመች፥
የነካችውን ሁሉ እስከ ጥጉ ገፋች፤
እብድ ፊት ስትቆም፥ የለየለት፥ ልጓም የሌለው፤
ራቁት ፊት ስትቆም፥ መለመላውን፥ ክር ያልነካው፤
እውነት ፊት ስትቆም፥ እቅጩ፥ ማር ያልተቀባው፤
ኮረብታ ላይ ስትወጣ፥ ጭው ያለ፥ በግ እንኳ ዞር ብሎ የማያየው።

(መለመላዋን ሊቃውንቱ ሲመረምሯት ሳቄን አፈንኩ፤
«እስከ ጅራቱ ራቁት» ነበር አሉ የጥንቱ ልኩ።
ጅራት ማለት ሲረሳ፥ ሰሚ ተሳስቶ ወደ ስታርክ ተጠጋ፤
አንዲት ቀይ ጅራት ወፍ ብቻ፥ በስሟ ውስጥ ይዛው፥ በበጋ
አጥራችን ላይ ታወዛውዘዋለች፤ ምን ገዷት።)

ከምሳ በኋላ ፍቺዎቹን በክር በክር ስቋጥር
አንድ ካርድ አገኘሁ፥ ከሣጥኑ ወለል ሥር፤
ጠርዙን ጨው በልቶታል። በእርሳስ ነው።
በብስክሌት ጠረፍ ለጠረፍ ቃል የሚለቅመው
ኦስዊን ፔል የጻፈው።
ቦታ፦ ሃግስዊክ፥ ዮርክሸር።
ተናጋሪ፦ ታማር ቬሪል፥ ስልሳ ሁለት ዓመት፥ የዓሣ አጥማጅ ሚስት።
«ሚስት» ተሠርዟል። ከላዩ፦ ባልቴት።

ዛጎል ስትፈለፍል አገኛት።
ስታርክ በእናንተ መንደር ምን ማለት ነው? አላት።

«ውርጭ ያደረበት ገመድ» አለች።
«ሸራም፥ በጥር ማለዳ።
ጃቤዝም።»
ቢላዋዋን አስቀመጠች።
«ጀልባዋ ባዶዋን በተመለሰች አሥራ አንድ ቀን ሙሉ
ምን ተሰማ? ይለኛል ያገኘኝ ሁሉ።
ሚስት ነኝ እንዳልል፥ ባልቴት ነኝ እንዳልል፥
ሹራቡን አጥቤ እንዳልሰቅል፥ አጣጥፌ እንዳላስቀምጥ፤
አልለየልኝም።
በአሥራ ሁለተኛው ባሕሩ መለሰው። ስታርክ ነበር።
ክንዶቹ እንደተዘረጉ ቀርተው አልታጠፍ አሉ፤
በሩ ጠበበው፤
ወንድሞቹ መቃኑን ነቅለው አስገቡት።
ሰው ፊት አንድ ቀን አቅፎኝ አያውቅም፥ ሠላሳ ስምንት ዓመት።
ያን ዕለት ክንዱን ከፍቶ ገባ።»

ከሥሩ፥ የፔል ማስታወሻ፦
ብርቱ ነው ወይስ ድርቅ ያለ? ተናጋሪዋ አልለየችም።
ከዚያ በታች፥ የዋና አዘጋጁ ቀይ ቀለም፦
ረጅም ነው። ይጠር።

አሳጠርኩት። ታዛዥ ነኝ።
«ሁለተኛ ፍቺ፦ ድርቅ ያለ፥ የማይታጠፍ። የሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ።»
ጃቤዝ የለበትም። መቃኑም የለበትም።
ካርዷን ግን በየትኛው ክር ልሰራት?
ከብርቱው ጋር? ከግትሩ? ከመለመላው? ከእቅጩ?
ሰባት ዓመት ስለይ የኖርኩ ሴት
አንዲት ብጣሽ ወረቀት አልለይ ብላኝ አመሸሁ፤
ኪሴ ከትቻት፥ ቆጥሬ ያላስረከብኩት የመጀመሪያው፥ ወጣሁ።

ትራሙ ውስጥ ማንም አላናገረኝም።
ቤቴ ደረስኩ። ቁልፉን አዞርኩ።
ገና ኮቴን ሳላወልቅ፥ ደጃፉ ላይ ቆሜ፥
ሁለት ክንዴን ዘርግቼ የበሩን ስፋት ለካሁ።